ፈረሱ ክንፍ አለው፦ አሮጌ የዘይት ቀለም ሥዕል እንዴት ይመረመራል?

ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ወር በገባ በ23 ቤታቸው ቡና አይጠፋም። ባለፈው ከቅዳሴ መልስ ጎራ ብዬ ነበር። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ሁለት ክንድ ያህል ወርድ ያለው አሮጌ ሥዕል ተሰቅሏል። ነጭ ሻሽ ተጋርዶበታል። እማማ ሻሹን ገለጥ አድርገው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አንተ ሥዕል ታውቃለህ ይሉኛል። ይቺ የጊዮርጊስ ሥዕል ስንት ታወጣለች?»

ተነሥቼ ቀረብ አልኩ። ጭስና የዓመታት አቧራ አጥቁሮታል። ቢሆንም ይታያል። ነጭ ፈረስ አለ። በላዩ የተቀመጠ ጎበዝ አለ። ከሥሩ አፉን የከፈተ አውሬ አለ። ጥግ ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል ያደረገች ልጅ አለች። ማንም ሰው ጊዮርጊስ ነው ቢል አይፈረድበትም። ግን ፈረሱ ክንፍ አለው።

ሥዕሉን ያመጡት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ይሠሩ ነበር። ፋብሪካው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ በ1953 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመ ነው። አንድ ፈረንጅ አለቃቸው ወደ አገሩ ሲመለስ ሥዕሉን ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

አሮጌ ሥዕል ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። አልፈርድም፤ ኑሮው ያስጠይቃል። ግን ዋጋ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ሥዕሉ የማንን ታሪክ እንደሚያሳይ ይታወቅ። ከምን እንደተሠራ ይታወቅ። በማን እጅ እንዳለፈ ይታወቅ። ዋጋው የሚወለደው ከእነዚህ ነው። መንገዱን በእማማ ሥዕል ላሳያችሁ። ዓመቶቹን፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ማን ነው ይኼ ሰው?

የአገራችንን የጊዮርጊስ ሥዕል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። አምባላይ ፈረስ። በእጁ ረጅም ጦር። ከፈረሱ እግር ሥር ደራጎን። ዛፍ ላይ የወጣች ቤሩታዊት። በራሱ ዙሪያ አክሊለ ብርሃን። ታንኳ ወይም ጀልባ ተሳፍሮ የጣና ገዳማትን የተሳለመ ሰው፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ወይም ናርጋ ሥላሴን ያየ፣ ፈጥኖ ደራሹን ከሩቅ ይለየዋል።

የእማማ ሥዕል ላይ ያለው ሰው አክሊለ ብርሃን የለውም። የያዘው እንደ ማጭድ ቆልመም ያለ ሰይፍ ነው። አውሬው የሚወጣው ከባሕር ነው። ልጅቷ በሰንሰለት ከዐለት ጋር ታስራለች። ባሕሩ ዳር ዘውድ የጫኑ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት ያለቅሳሉ። ጋሻውን በስልኬ መብራት ሳየው መሃሉ ላይ የሴት ፊት አለ። ፀጉሯ እባብ ነው።

እዚህ ላይ ጥርጣሬው አለቀ። ሰውየው ፐርሴየስ ነው። ልጅቷ አንድሮሜዳ ናት።

ታሪኩ የጥንት ግሪኮች ተረት ነው። ኬፌዎስ የሚባል ንጉሥ ነበር። ሚስቱ ካሲዮፒያ ትባላለች። ንግሥቲቱ በውበት ተመካች፤ ከባሕር ልጃገረዶች እንበልጣለን አለች። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጣ። አገሩን የሚያጠፋ አውሬ ላከ። አውሬው የሚመለሰው ልጃቸው አንድሮሜዳ ከተሰጠችው ነው ተባለ። ልጅቷን ከዐለት ጋር አሰሯት። በዚህ መሃል ፐርሴየስ ደረሰ። ፀጉሯ እባብ የሆነውን ሜዱሳን ገድሎ እየተመለሰ ነበር። አውሬውን ገደለ፤ ልጅቷን ፈታ፤ አገባት።

ኬፌዎስ የየት አገር ንጉሥ ነው ትላላችሁ? የኢትዮጵያ። ግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» ሲሉ የዛሬውን ድንበራችንን ማለታቸው አይደለም። ከግብፅ ወደ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጅምላ ነበር እንዲያ የሚጠሩት። ሌሎች ጥንታውያን ጸሐፊዎች ደግሞ ልጅቷ የታሰረችበት ዐለት ኢዮጴ ወደብ ላይ ነው ይላሉ። ኢዮጴ የዛሬዋ ጃፋ ናት። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው ልዳ ለኢዮጴ ቅርብ እንደሆነች ያስታውሳል። ልዳ ደግሞ የጊዮርጊስ አገር ናት። ሁለቱ ትረካዎች ጎረቤት ናቸው ማለት ነው። የጊዮርጊስ ሥዕል መልኩን በከፊል ከፐርሴየስ ሥዕል ወስዶ ይሆናል የሚሉ አጥኚዎች አሉ። እማማ የተሳሳቱት እንግዲህ ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ የሚቆጨኝን ነገር ልጨምር። ኦቪድ የተባለው የሮም ባለቅኔ አንድሮሜዳን ጠይም አድርጎ ነው የሚጠራት። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን እንደ ወተት አንጽተው ሣሏት። የእማማ ሥዕል ላይም እንደዚያው ናት።

ነገሩን ስነግራቸው እማማ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ጊዮርጊስ ካልሆነ ሻሹን ላንሣው እንዴ?» አሉ።

«አያንሡት እማማ። ፀሐይ ይከላከልለታል» አልኳቸው።

ፈረሱም የራሱ ፍንጭ አለው። በጥንቱ ተረት ፐርሴየስ የሚበረው ክንፍ ባለው ጫማ ነው። ክንፋሙ ፈረስ ፔጋሰስ የወጣው ከሜዱሳ ደም ነው እንጂ የሱ መጋለቢያ አልነበረም። ፈረሱ ላይ ያወጡት ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ናቸው። የጣሊያኑ ቲሺያን በ1550ዎቹ ሲሥለው ያለ ፈረስ ከሰማይ እየተወረወረ ነው። ያ ሥዕል ለንደን ዋላስ ስብስብ ውስጥ አለ። የፍሌሚሹ (የዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ) ሠዓሊ ሩበንስ በ1620ዎቹ ሲሥለው ግን ክንፋሙ ፈረስ አብሮ አለ። ስለዚህ የእማማ ሥዕል ሠዓሊ ከሩበንስ ዓይነት ሥዕሎች ዘመን ወዲህ ያለ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛ የሚመሳሰል ታሪክም አለ። በ1516 የታተመ የጣሊያን ረጅም ግጥም ውስጥ ሩጄሮ የሚባል ፈረሰኛ አንጀሊካን ከባሕር አውሬ ያድናታል። እሷም ከዐለት ጋር የታሰረች ናት። ፈረንሳዊው አንግር በ1819 ሥሎታል። ልዩነቱ ፈረሱ አፍ ላይ ነው። የሩጄሮ ፈረስ የንሥር ራስና መንቁር አለው። የእማማው ፈረስ አፉ የፈረስ ነው። ሐራጅ ቤቶች ራሳቸው ሁለቱን ታሪኮች የሚያምታቱበት ጊዜ አለ። መንቁሩን ማየት ነው።

ሌሎቹን የተረት ሰዎች በያዙት ነገር ነው የምትለዩዋቸው። ባለሦስት ጣት መንሽ የያዘ ፖሲዶን ነው። ንሥርና መብረቅ ካለ ዜውስ። ጉጉትና የራስ ቁር ያላት አቴና። ግንባሯ ላይ ጨረቃ፣ በእጇ ቀስት ካለ አርጤምስ። ጣዎስ ከጎኗ ካለ ሄራ። ወይን ዘለላና ስካር ካለ ዲዮኒሶስ። ሮማውያን ለእያንዳንዳቸው ሌላ ስም አላቸው፤ ምልክቱ ግን ያው ነው። ፊት አትዩ፤ እጅ እዩ።

ጀርባው ምን ይላል?

ሥዕሉን ከግድግዳው አወረድነው። የልጅ ልጃቸው አንድ ጫፍ ይዛ፣ እኔ ሌላውን። ንጹሕ ጋቢ አነጠፍንና በፊቱ ደፋነው። የቀለሙ ፊት እንዳይፋቅ ከጋቢው በታች ትራስ አደረግን።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ፈተና አለ። በእርግጥ በእጅ የተሠራ ነው ወይስ የታተመ? በ19ኛው መቶ ዘመን ኦሊዮግራፍ የሚባል ነገር በአውሮፓ ተስፋፍቶ ነበር። የታተመ ሥዕል ነው፤ የሸራ መልክ ይቀረጽበታል፤ ቫርኒሽ ይቀባል። ከሩቅ ያታልላል። ስለዚህ ማጉያ መነጽር ያዙ። ዛሬ በማሽን የታተመ ከሆነ እኩል እኩል የተደረደሩ ትንንሽ ነጥቦች ታያላችሁ። አሮጌው ኦሊዮግራፍ ደግሞ የተዘበራረቁ ነጥቦች አሉት። የብሩሽ መስመር የሚመስለው እብጠትም ከሥዕሉ ጋር አይሄድም። እጅጌው ወደ ታች ሲወርድ እብጠቱ ወደ ጎን ይሄዳል። የእማማ ሥዕል ላይ ነጥብ የለም። የፈረሱ ጋማ ላይ ቀለሙ ራሱ የጋማውን መንገድ ተከትሎ ተነሥቷል። በእጅ የተሠራ ነው።

የኛ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንዳልሆነ ደግሞ በቁሱም ይታወቃል። የጣና ገዳማት ግድግዳ ሥዕል በአብዛኛው በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ቀለሙ የተለወሰው በዘይት አይደለም፤ ገጹም አያብረቀርቅም። በዳጋ እስጢፋኖስ ያለው የፍሬ ጽዮን ሥራ፣ ከ1434 እስከ 1468 በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተሠራው፣ በእንጨት ገበታ ላይ ነው። የዘይት ቀለም በእንጨት በተወጠረ ሸራ ላይ መሣል የአውሮፓ ሥራ ነው።

አሁን ጀርባውን እንየው። ሸራው የተወጠረበት እንጨት አራት ማዕዘኖቹ ላይ ትንንሽ ሽብልቆች አሉት። ሸራው ሲላላ ሽብልቁን መታ መታ አድርጎ መወጠሪያ ነው። ይህ ዓይነት እንጨት የተለመደው ከ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። ሸራው የተያዘው በዛጉ ትንንሽ ምስማሮች ነው። የስቴፕለር ሽቦ ቢሆን ኖሮ ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተወጠረ ነው እንል ነበር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። አሮጌ ሸራ እንደገና ሊወጠር ይችላል። አዲስ ሥዕልም አሮጌ እንጨት ላይ ሊደረግ ይችላል። አንድ ምልክት ብቻውን አይፈርድም።

እንጨቱ ላይ የወረቀት ምልክት ተለጥፏል። ግማሹን ብል በልቶታል። የቀሩት ፊደሎች የፍሬም ሠሪ አድራሻ ይመስላሉ። እዚህ ጋ ነው ብልሃቱ። ሱቆች ውስጥ ሐሰተኛ ብር የሚለዩባትን ወይን ጠጅ መብራት ታውቋታላችሁ። ከጎረቤት ሱቅ ተዋስን። በሩን ዘግተን፣ መጋረጃ ጋርደን አበራን።

የእማማ ነጠላ ወዲያው ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ። እማማ ደነገጡ። ምክንያቱ ሳሙናው ነው። የዛሬ የዱቄት ሳሙናዎች ነጩን ይበልጥ የሚያነጣ ቅመም አለባቸው፤ በዚህ መብራት የሚያበራው እሱ ነው። ይኸው ቅመም በወረቀትና በጨርቅ ፋብሪካ መግባት የጀመረው በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ነው። የጀርባው ወረቀት ቢያበራ ኖሮ ዕድሜው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነበር። ወረቀቱ አላበራም። ሸራውም አላበራም። ደበዘዙ እንጂ።

ፊቱን አዞርነው። አሮጌ የዛፍ ሙጫ ቫርኒሽ በዚህ መብራት አረንጓዴ ጉም ይመስላል። የእማማው ጉም አለው። በጉሙ መሃል ሁለት ቦታ ጥቁር ነጠብጣብ ታየ። አንድ ጊዜ ሌላ ሰው በኋላ የጠገነው ቦታ ነው። በፍሬሙ ጫፍ የተሸፈነው፣ ቫርኒሽ ያልደረሰበት የደመና ጥግ ደግሞ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ በራ። ይህ የዚንክ ነጭ ምልክት ነው። የዚንክ ነጭ በዘይት ቀለም ውስጥ በስፋት የገባው ከ1850 ገደማ ወዲህ ነው።

ቀለሞች እንደ ሰው የልደት ዘመን አላቸው። የፕሩሲያ ሰማያዊ የተገኘው በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ነው። ኮባልት ሰማያዊ 1802 ነው። በቆርቆሮ ቱቦ የታሸገ ቀለም የመጣው በ1841 ነው። ታይታኒየም ነጭ በገበያ ላይ የዋለው በ1910ዎቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጀርመናዊው አጭበርባሪ ቤልትራኪ የተያዘው በዚህ ነጭ ነው። በ1914 ተሣለ ብሎ የሸጠው ሥዕል ላይ ታይታኒየም ነጭ ተገኘ። ያ ሥዕል ከ2 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሽጦ ነበር። በ2011 ተፈረደበት።

የእማማን ሥዕል ስናጠቃልለው እንግዲህ ከ1850ዎቹ ወዲህ፣ ከ1950 በፊት የተሠራ ይመስላል። የጥንት ታላቅ ሠዓሊ እጅ አይደለም ማለት ነው።

ከዚያ የልጅ ልጃቸው ያላየሁትን አየች። «ጋሼ፣ ግራኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። እውነትም ጀግናው ሰይፉን በግራ እጁ፣ ጋሻውን በቀኙ ይዟል። በጣም ደስ ያለኝ ያኔ ነው። አውሮፓ ውስጥ ፎቶግራፍ ከመምጣቱ በፊት ታላላቅ ሥዕሎች የሚታወቁት በኅትመት ነበር። ሥዕሉ መዳብ ላይ ይቀረጻል፤ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ ይጫናል። እንደ ማኅተም ማለት ነው። ሲታተም ግራው ቀኝ ይሆናል። ያንን ኅትመት አይቶ የሚሥል ሰው ጀግናውን ግራኝ አድርጎ ይሥለዋል። ኅትመቱ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለሙንም ከራሱ ነው የሚያመጣው። የእማማ ሥዕል ከኅትመት የተቀዳ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ፍንጭ አላገኘሁም።

ቅጂ ሲባል ሰው ፊቱ ይጠቁራል። አይገባም። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎቻችንም ከኅትመት ቀድተዋል። በ1591 ሮም የታተመ የዐረብኛ ወንጌል ውስጥ ያሉት ቅርጾች ለወንጌል ሥዕሎቻችን ሞዴል ሆነዋል። ምስለ ፍቁር ወልዳ የምንላትም ሥዕለ ማርያም መልኳ ሮም ካለ ሥዕል በኅትመትና በቅጂ የመጣ ነው። የኛ ሰዎች ግን ቀድተው የራሳቸው አደረጉት።

ዋጋ ከየት ይመጣል?

ሁልጊዜ የማነሣው ምሳሌ ኩርዓተ ርእሱ ነው። እሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስ ሥዕል ነው። የተሠራው አውሮፓ ውስጥ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው። ሠዓሊው የፖርቱጋል ወይም የፍሌሚሽ ሰው ነው ይባላል፤ ስሙ በእርግጥ አይታወቅም። ስፋቱ ከደብተር ብዙም አይበልጥም። የጎንደር ነገሥታት ግን ጦርነት ሲሄዱ ያስቀድሙት ነበር። በ1744 በስናር ዘመቻ ተማረከ፤ በካሣ ተመለሰ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ አደረሱት። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ወስዶ ለራሱ አስቀረው። በ1917 ለንደን ላይ በሐራጅ ተሸጠ። ዛሬ ፖርቱጋል ውስጥ በግለሰብ እጅ እንዳለ ይነገራል። ሠዓሊው ማንም ይሁን ማን፣ ለኛ ምን ዋጋ ይተመንለታል? ክብሩን ያገኘው ካለፈባቸው እጆችና ከተጸለየበት ጸሎት ነው። ፈረንጆቹ ይህን የእጅ ለእጅ ታሪክ ከዋጋ መሠረቶች አንዱ ያደርጉታል። ባለቤቶቹ በተከታታይ የሚታወቁ ሥዕል ታሪክ ከሌለው ወንድሙ በላይ ይሸጣል።

ከዚያ የሠዓሊው ስም አለ። እዚህ ላይ የሐራጅ ቤቶች ቋንቋ ሰውን ያሳስታል። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና በቅኔ ቤት ላስረዳ። አንድ ቅኔ መምህሩ ራሳቸው የተቀኙት ነው። ያ «የእገሌ ሥራ» ነው። መምህሩ የተቀኙት ሳይሆን አይቀርም ከተባለ «ለእገሌ የሚሰጥ» ነው። እዚያው ጉባኤ ውስጥ ደቀ መዝሙሩ ተቀኝቶ መምህሩ ካረሙት «የእገሌ ቤት ሥራ» ነው። በዘመናቸው የነበረ፣ የሚያውቃቸው ሰው ከሆነ «በእገሌ ዙሪያ» ይባላል። ከሞቱ በኋላ የዋሸራን ወይም የጎንጅን መንገድ ይዞ እንደሚቀኝ ሰው ከሆነ «በእገሌ መንገድ» ነው። የሳቸውን ቅኔ ቃል በቃል ከጻፈው ደግሞ «ከእገሌ የተቀዳ» ነው። በየደረጃው ዋጋው ይወርዳል። ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ዝርዝር ላይ የሩበንስ ስም ስላያችሁ ብቻ አትደሰቱ፤ ከስሙ በፊት ያለችውን ቃል አንብቡ።

ያቺ ቃል ምን ያህል እንደምትመዝን ሳልቫቶር ሙንዲ የሚባለው ሥዕል ያሳያል። ትርጉሙ መድኃኔ ዓለም ማለት ነው። በ1958 ለንደን ውስጥ በ45 ፓውንድ ተሸጠ። ያኔ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው ያለ አልነበረም። በ2005 አሜሪካ ውስጥ ከ10 ሺህ ዶላር በታች ወጣ። ከዚያ ተጠገነ፤ ተመረመረ፤ የሊዮናርዶ ነው ተባለ። በ2017 ኒው ዮርክ ላይ 450 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሥዕሉ ያው ነው። አሁንም የሊዮናርዶ ሙሉ ሥራ አይደለም የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

ስሙ የማይታወቅ የ19ኛው መቶ ዘመን ቅጂ በአብዛኛው ብዙ አያወጣም። የሚሸጠው በውበቱ፣ በመጠኑና በጤንነቱ ነው። ለእማማ ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ዋጋ ስትጠይቁ ደግሞ የቱን ዋጋ እንደሆነ ለዩ። በሐራጅ የሚገመተው አንድ ነው። ለኢንሹራንስ የሚጻፈው ሌላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። በሐራጅ ከወጣውም ላይ የቤቱ ኮሚሽን ይቀነሳል። ገማቹ ክፍያዬ ከዋጋው በመቶኛ ይሁን ካለ ተጠንቀቁ። ገምቶ ሲያበቃ እኔው ልግዛው ካለ ደግሞ ሥዕሉን መልሳችሁ ስቀሉ።

አትጠቡት

የልጅ ልጃቸው ለማጽዳት ተነሥታ ነበር። በሎሚ ይለቃል ብሏታል አንድ ሰው። ለምኜ አስቆምኳት።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ቤት አንድ የጣና ሥዕል ነበር። ታንኳ ላይ የቆመ ዓሣ አጥማጅ ነው። ለትንሣኤ ቤት ሲጸዳ፣ አባቴን ደስ ላሰኝ ብዬ፣ በኦሞ አረፋ የተነከረ ጨርቅ ወስጄ ወለወልኩት። ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ። ዓሣ አጥማጁ ግማሽ ፊቱ ሄደ። አባቴ ምንም አላለኝም፤ አየውና ወጣ። እስከ ዛሬ ያቺን ጨርቅ አልረሳትም።

ሎሚ፣ በረኪና፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ የተከተፈ ድንች፣ ዳቦ፣ ምንም ምንም አታስነኩት። ላይኛው ስስ ቀለም ከቫርኒሹ ጋር አብሮ ይነሣል። አቧራ ብቻ ከሆነና ቀለሙ የማይፈረፈር ከሆነ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማራገፍ ይበቃል። ቀለሙ ከተፈረፈረ እሱም ይቅር። የቆሸሸ ሥዕል ባለሙያ ያድነዋል። የታጠበውን ግን ማንም አይመልሰውም።

ባሕር ዳር ላይ ሌላ ጠላት አለ። በክረምት ከሐይቁ የሚነሣው እርጥበት ሸራውን ያላላዋል፤ በጋው መልሶ ይወጥረዋል። ቀለሙ የሚሰነጠቀው በዚህ መሳሳብ ነው። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጉት፤ ጀርባው ይተንፍስ። የቡና ከሰል፣ ዕጣንና የሻማ ጭስ ከሥሩ አይሁን። እንጨቱን ለምስጥ በየጊዜው ተመልከቱት። ሸራውን አትጠቅልሉት።

ማንን ልጠይቅ?

ታላላቆቹ ሐራጅ ቤቶች፣ ክሪስቲስ፣ ሶዝቢስና ቦንሃምስ፣ ፎቶ ልካችሁ የመጀመሪያ ግምት በነጻ የምትጠይቁበት ገጽ አላቸው። ጥሩ ፎቶ ግማሽ ሥራ ነው። በቀን ብርሃን፣ ጥላ ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ አንሡት። ሙሉ ፊቱን፣ ሙሉ ጀርባውን፣ አራቱን ማዕዘኖች፣ ፊርማ ካለ ፊርማውን፣ የተለጠፈውን ወረቀት። ልኩን ፍሬሙን ሳትጨምሩ በሴንቲሜትር ጻፉ። የእማማ ሥዕል ፊርማ የለውም። ፊርማ አለመኖሩ አያስደንግጣችሁ፤ መኖሩም ብቻውን አያሳምናችሁ፤ ፊርማ መጨመር ከሁሉ ቀላሉ ማጭበርበር ነውና።

የተሰረቀ አለመሆኑን ለማየት ኢንተርፖል በ2021 ያወጣው አይዲ አርት የሚባል ነጻ የስልክ መተግበሪያ አለ። ፎቶ አንሥታችሁ ከተሰረቁ ሥራዎች መዝገብ ጋር ታስተያያላችሁ። የእማማን አየነው፤ እዚያ የለም።

የአገራችንን ሕግ ደግሞ ችላ አትበሉ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ክልክል ነው። ሥዕላችሁ ቅርስ ይሁን አይሁን የሚወስነው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንጂ ገዢው አይደለም። እዚሁ ባሕር ዳር የክልሉን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ መጠየቅ ይቻላል። የገዳም ሥዕል፣ የብራና መጽሐፍ ወይም መስቀል ይዞ «ከአያቴ ያገኘሁት ነው» የሚላችሁ ደላላ ቢመጣ ግን ዋጋ እንኳ አትጠይቁት። ለባለሥልጣን ንገሩ። ከጣና ደሴቶች አንድ ሥዕል በወጣ ቁጥር የወጣው የሁላችን ነው።

በመጨረሻ ከእማማ ጋር አንድ ሥራ ቀረን። ያ ፈረንጅ አለቃ መቼ እንደሄደ ጠየቅናቸው። ቀኑ ጠፋቸው።

«ክረምት ነው» አሉ። «ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው። ቆይ፣ ሕፃናቱ ሆያ ሆዬ እያሉ በር ላይ ነበሩ። ሙልሙል እየሰጠሁ ነው የገባው።»

ቡሄ ነው። ነሐሴ 13፣ 1966 ዓ.ም. አካባቢ። የልጅ ልጃቸው በእርሳስ ጻፈችው። የአያቷን ስም፣ የፋብሪካውን ሥራ፣ ሥዕሉ የተሰጠበትን ምክንያት፣ እማማ የሚያስታውሱትን ሁሉ። ወረቀቱን በፖስታ አድርገን ከፍሬሙ ጀርባ፣ እንጨቱ ላይ አሰርነው፤ ሸራውን ሳንነካ። ከዚያ ሥዕሉን ከከሰል ምድጃው ራቅ ወዳለው ግድግዳ አዛወርነው። እማማ ሻሹን መልሰው ጋረዱት።